አዝጋሚው ጌምና ያረጁ ላፕቶፖቻችን

ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ ውስጥ እንደ እኔ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው የደንበኛውን የመጨረሻ ጥያቄ አስቀድሞ ያውቀዋል። ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ፣ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ መጻፊያው ተስተካክሎ፣ ሒሳብ ሊከፈል ሲል «እግረ መንገድህን አንድ ሁለት ጌም ብትጭንልኝ» ይባላል። ጠያቂው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሂርና ዕቃ ሊጭን የመጣ ነጋዴ ወይም የገለምሶ መምህር ሊሆን ይችላል። ኳስ ወዳዱ የኳስ ጌም ይላል። ሌላው «መኪና» ይላል።

መኪና ለሚለው መልሱ ለዓመታት ያው ነው፤ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ። ይህ ጌም በ2005 የወጣ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ስም ከአሥር በላይ ሌሎች ጌሞች አውጥቷል። በፍላሽ እየተገለበጠ ሚኤሶም በዴሳም የሚዞረው ግን አሁንም የ2005ቱ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣው ላፕቶፕ አብዛኛው ያገለገለ ነው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ራሙ አራት ጊጋ ነው፣ ባትሪው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ኒድ ፎር ስፒድ ለመጫን ብቻ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋ ይፈልጋል። በሞባይል ፓኬጅ ይህን ለማውረድ የሚነሳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ሌላ ነገር ለሚፈልግ ደንበኛ «ላይቭ ፎር ስፒድ» የሚባለውን የመኪና ሲሙሌተር እጭናለሁ። የሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው እንግሊዛዊው ስካዌን ሮበርትስ፣ መንገዱንና መኪናውን የሚሥለው ኤሪክ ቤይሊ፣ የኢንተርኔቱን ክፍል የያዘው ቪክቶር ቫን ቭላርዲንገን ነው። ከበስተጀርባቸው አሳታሚ ኩባንያ የለም። ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2002 ሲሆን፣ «ኤስ ዋን» የተባለው የሚሸጠው ደረጃ በ2003፣ «ኤስ ቱ» ደግሞ በ2005 ወጣ። ነጻው ማሳያ ብላክዉድ የተባለውን መንገድና ጥቂት መኪኖችን ይዟል፤ ገንዘብ ሳይከፈልበት ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ያሽቀዳድማል። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሳይንገታገት ይሮጣል። መሪ የሌለው ሰው በማውስ ይነዳዋል።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ ጌሙን ከወደደው በኋላ ነው። ስለ አሠራሩ ማንበብ ይጀምርና በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ «ጋሼ፣ ሰዎቹ ተኝተዋል እንዴ?» ይለኛል።

ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከኤስ ቱ እስከ ኤስ ስሪ አሥር ዓመት ፈጅቷል፤ ሮኪንግሃም የተባለውን የእንግሊዝ መንገድ ይዞ የመጣው ይኸው ሦስተኛው ደረጃ የወጣው በ2015 መጨረሻ ነው። ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩትን መኪና እንዲያስገቡ የተፈቀደው ደግሞ በ2021 ነበር። ያን ጊዜ የስሪቱ ቁጥር 0.7 ነበር፤ ለሕዝብ ከታየ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋው ፕሮግራም ገና በዜሮ ይቆጥራል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ተጫዋቹን ያናደደው የፎልክስዋገን ሺሮኮ ጉዳይ ነው። መኪናው እንደሚመጣ ተነገረ፣ ሥዕሉ ታየ፣ ከዚያ ስካዌን በስሌቱ ስላልረካ የጎማውን አሠራር እንደ አዲስ ልጻፍ አለ። መኪናው ለዓመታት በተስፋ ቀረ።

የተጫዋቾችን አስተያየት ከሰማሁት ተነስቼ ሳጠቃልለው ሦስት ወገን አለ።

የመጀመሪያው ወገን «ሰው ቅጠሩ» ይላል። አንድ ፕሮግራመር ብቻውን ይህን ሁሉ አይችልም፤ ቢታመም ወይም ቢሰለቸው ሁሉም ነገር አበቃለት። ይህ ስጋት መሠረት አለው። ሪቻርድ በርንስ ራሊ በ2004 ሲወጣ ከኋላው ዋርቶግ የተባለ ሙሉ ኩባንያ ነበረው። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ጌሙን እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆዩት አዳዲስ የራሊ መንገድና መኪና እየጨመሩ የሚያሽቀዳድሙት አፍቃሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ የሰው ብዛት ዕድሜን እንደማያረጋግጥ ለዚህ ወገን እመልስለታለሁ። በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠል አደጋ መሆኑን ግን አልክድም።

ሁለተኛው ወገን «ኮዱን ክፈቱት» ይላል። በብዛት ይህን የሚለው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ነጻ ሶፍትዌር ሲማር ቶርክስ የሚባለውን የመኪና ጌም ያገኛል፤ በ1997 የተጀመረና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ከእሱ ደግሞ ስፒድ ድሪምስ የሚባል ሌላ ፕሮጀክት ተገንጥሎ ወጥቷል። ሁለቱንም ለተማሪዎች ጭኛለሁ። ለመማሪያ የሚተካቸው የለም፤ አንድ ልጅ የፍሬኑን ቁጥር ቀይሮ መኪናው ሲንሸራተት በዓይኑ ያያል። በዕድገት ፍጥነት ግን ከላይቭ ፎር ስፒድ የሚሻሉ አይደሉም። ክፍት ኮድ በሩን ይከፍታል እንጂ ገብቶ የሚሠራውን ሰው አያመጣም።

ሦስተኛው ወገን ዝም ብሎ የሚጫወት ነው። ሃሳቡ የገባኝ አንድ የአይሱዙ ረዳት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ነው። ጫት ጭነው ከጭሮ ተነስተው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ በሂርናና በቁልቢ አድርገው ወደ ድሬዳዋ ከሚበሩት መኪኖች የአንዱ ረዳት ነው። ጫት ከደረቀ ገዢ የለውም፤ መኪናው የሚቸኩለው ለዚህ ነው፣ ጎማው የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ኤክስ አር ጂቲ የምትባለውን መኪና አስነስቶ ሲነዳ ኤፍ ናይን የሚባለውን ቁልፍ ተጫን አልኩት። የአራቱ ጎማዎች ምስል በማያ ገጹ ጥግ ብቅ አለ። ኩርባ ውስጥ በገባ ቁጥር ክብደት ያረፈበት ጎማ ቀለሙ ይቀየራል፤ መሃሉ፣ ውስጡና ውጪው ለየብቻው ይግላል። ፍሬን አጥብቆ ረግጦ ጎማውን ሲያስርና ሲጎትተው ደግሞ አንድ ቦታው ላይ ይበላና ክብነቱን ያጣል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ስትሄድ ትነዝራለች።

ረዳቱ ጨዋታውን አቁሞ ማያ ገጹን ተጠግቶ አየው። «ጋሼ፣ ይሄማ የኛው ነው። የፊት ግራው ውጪ ውጪውን ተበልቷል፤ ሊሾ ሊሆን ነው» አለኝ። ቀጥሎ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ ሲያጓራ ፍሪሲዮኑ ግሎ መንሸራተት ጀመረ። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። እሱ ይህ ጌም በ2005 ወጣ በ2025 ግድ አልሰጠውም። ሥራውን ያውቃል፣ ጌሙም ሥራውን እንደሚያውቅ አየ።

እዚህ ላይ የዝግመቱ ምክንያት ይገባል። መኪናን መንገድ ላይ የሚይዛት አራት መዳፍ የምታህል ጎማ ብቻ ናት። እያንዳንዷ መዳፍ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳረፈ፣ ጎማው ወደዞረበትና መኪናዋ ወደምትሄድበት አቅጣጫ መካከል ስንት ዲግሪ ልዩነት እንዳለ፣ ጎማው ምን ያህል እንደጋለ፣ ፍሬንና መሪ በአንድ ጊዜ ሲመጡ የቱ ከየቱ እንደሚሻማ በየሰከንዱ ደጋግሞ መሰላት አለበት። ጎማው መሬቱን ጨርሶ ሲለቅ የሚሆነውን ማስላት ቀላል ነው። ሊለቅ ሲል ያለችውን ቅጽበት ማስላት ግን ጭንቅ ነው፤ ጥሩ ሾፌርና መጥፎ ሾፌር የሚለዩት ደግሞ በእሷ ነው። መኪና መጨመር የሥዕል ሥራ ነው። ጎማ መቀየር ቤቱን ሰው እየኖረበት መሠረቱን እንደመለወጥ ያለ ነው፤ ቀድሞ የተሠራው መኪና ሁሉ እንደገና መፈተሽ አለበት። ተጫዋቹ ከውጭ የሚያየው ግን የመኪናውን ቁጥር ነው።

ታዲያ ሠሪዎቹ ንጹሕ ናቸው? አይደሉም። በእኛ ሙያ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ለደንበኛ «የማዘርቦርዱ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል፤ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም» ካልከው አጉረምርሞ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። «ነገ ና» ካልከውና ነገ ከሌለ ግን ሁለተኛ በደጅህ አያልፍም። ደንበኛ መዘግየትን ይችላል፤ ያልተፈጸመ ቀጠሮን አይችልም። የሺሮኮው ጥፋትም ይኸው ነው። ጎማው እስኪረጋ ድረስ መኪናውን ባያሳዩት ኖሮ፣ ዛሬም ድረስ ስለ እሱ የሚያነሳ ሰው ባልኖረ ነበር።

ሌላም ፍርድ ያለበት ነገር አለ፤ ክፍያው። ኤስ ዋን 12፣ ኤስ ቱ 24፣ ኤስ ስሪ 36 ፓውንድ ነው። አንዴ የከፈለ ሰው በደረጃው ውስጥ የሚመጣውን ማሻሻያ በነጻ ያገኛል። በ2005 ለኤስ ቱ ከፍሎ ከዚያ ወዲህ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲያድስ የኖረ ሰው በዋጋው ሊያማርር አይችልም፤ በቀጠሮው ግን ይችላል። እኛ ዘንድ የሚያማርረው ግን ሳንቲም ያልከፈለው ነው። ይህን ስነግረው አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ በምን ካርድ ልክፈል?» ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ከጭሮ ተነስቶ በውጭ ምንዛሪ ሶፍትዌር መግዛት ለአንድ ተማሪ የማይቻል ያህል ከባድ ነው። «ገንዘብ ባልከፍል ሰዓቴን ከፍያለሁ» ሲል ያከለው ግን ከአፍ አያልፍም፤ የእሱ ሰዓት የስካዌንን ቤት ኪራይ አይከፍልም።

እንግዲህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። የጌም ዕድገት ፍጥነት የሚለካው ከየት ሆነህ እንደምታየው ነው። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ማሽን ለሚገዛ የአውሮፓ ተጫዋች ላይቭ ፎር ስፒድ ቆሟል። ለምዕራብ ሐረርጌ ልጅ ግን የሸሹት ፈጣኖቹ ናቸው። በየጊዜው በወጡ ቁጥር የእሱን ላፕቶፕ ጥለው ሄደዋል፤ እሱም 2005 ላይ ቀርቷል። ቀስ ብሎ የሚሠራው ግን ዛሬም ማሽኑ ላይ ይነሳል፣ ማሻሻያውም ሳይርቀው ይደርሰዋል። ፈጣን ዕድገት ወጪውን ወደ ተጫዋቹ ኪስ ያዞራል፤ አዝጋሚው ደግሞ ሸክሙን ራሱ ሠሪው ይዞት ይቆያል።

ይህን የምጽፈው በተለይ እዚሁ ኮድ ለሚማሩት ነው። የኢትዮጵያ ጌም ሊሠራ እንደሚችል አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ አሳይቷል። ኩኩሉ የተባለችው ዶሮና በስልክ የገባው ገበጣ ትንሽ ነገር ጨርሶ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ምስክር ናቸው። የጭሮን ዳገት ባጃጅ ወይም አይሱዙ የሚወጣበት ጌም እንሥራ የሚሉ ልጆች ሱቄ መጥተው ያውቃሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሁሌም የሚጀምሩት ግን ከአርማውና ከማስታወቂያው ነው።

ምክሬ አጭር ነው። አንድ ባጃጅ፣ አንድ ዳገት፣ አንድ ኩርባ ይብቃችሁ። ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ እንደ እውነቱ እስኪይዝ ድረስ ሁለተኛ መኪና አትጨምሩ። አራት ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ላይ ካልሮጠ ለእኛ አልተሠራም። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሥሩ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ኮዱን እንዲያውቀው። የሚወጣበትን ቀን ደግሞ ሠርታችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት ለማንም አትንገሩ።