ትንሹ ሣጥንና የቆላው ሙቀት

ተማሪዎች፣ ከዚህ ቀጥሎ የቀረበላችሁ ምንባብ ገላጭ ጽሑፍ ነው። ገላጭ ጽሑፍ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ስታነቡ ምክንያትና ውጤት እንዴት እንደ ተያያዙ አስተውሉ።

ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ የሚገኝ፣ በሙዝና በማንጎ ተክሉ የታወቀ ቆላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 1200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በተራራው ላይ የምትገኘው ጨንቻ ግን ደጋ ናት። አሁን አንድ የጫኖ ወጣት ከሙዝ ሽያጭ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ በሻንጣ ይዞት የሚጓዝ ትንሽ የጨዋታ ኮምፒዩተር ለማሠራት አሰበ እንበል። ሣጥኑ 10 ሊትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ነው። ታዲያ ምን ዓይነት ፕሮሰሰርና ማቀዝቀዣ ይምረጥ?

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር አንጎል ነው። ሲሠራ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ 88 ዋት የወሰደ ፕሮሰሰር 88 ዋት ሙቀት ያወጣል። ማቀዝቀዣው ይህን ሙቀት አያጠፋውም፤ ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለአየሩ ያስረክበዋል እንጂ። ስለዚህ በማራገቢያ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን በዙሪያው ካለው አየር በታች ሊያበርደው ከቶ አይችልም።

ይህን በስሌት እንመልከት። ማቀዝቀዣችን ለእያንዳንዱ ዋት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከአየሩ በላይ በግማሽ ዲግሪ ከፍ የሚያደርግ ይሁን። በጠባቡ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከግራፊክስ ካርዱ በሚወጣው ሙቀት የተነሣ ከውጭው በ10 ዲግሪ ይበልጥ። ራይዘን 5 7600 የተባለው ፕሮሰሰር ቢበዛ 88 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ከአየሩ በላይ የሚጨምረውም 44 ዲግሪ ነው። ጨንቻ ላይ የውጭው አየር 18 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 72 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጫኖ ላይ አየሩ 33 ዲግሪ ቢሆን 87 ይደርሳል። የዚህ ፕሮሰሰር ወሰን 95 ዲግሪ ስለሆነ በሁለቱም ስፍራ ያለ ችግር ይሠራል።

ወጣቱ ግን በስሙ ታላቅነት ተማርኮ ኮር አይ 9 14900ኬን ቢመርጥስ? ይህ ፕሮሰሰር እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ወሰኑም 100 ዲግሪ ነው። በጫኖው ቀትር፣ በዚያው ማቀዝቀዣ ወሰኑን ሳያልፍ ሊሠራበት የሚችለው 114 ዋት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንግዲህ ባለቤቱ ከገዛው ኃይል ከግማሽ የሚያንሰውን ተጠቅሞ፣ ዋጋውን ግን ሙሉ ከፍሏል ማለት ነው። “አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል” የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እዚህ ላይ ይሠራል።

ማቀዝቀዣን በተመለከተም መጠኑ በሣጥኑ ይወሰናል። ቁመታቸው 37 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ዝርግ ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ 70 ሚሊሜትር የሚደርሱት ደግሞ ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ያስወግዳሉ። ወደ አንድ ኪሎግራም የሚመዝን ረጅም ማቀዝቀዣ ለቤት ይበጅ ይሆናል፤ በመንገድ ላይ ግን በተናጠ ቁጥር የተጣበቀበትን ሰሌዳ ይጎትታል። በፈሳሽ የሚሠራው ብዙ ሙቀት ቢያጓጉዝም በፓምፕ ላይ የተመሠረተ ነው። ፓምፑ ከተበላሸ ምትኩን በቅርብ ማግኘት ያስቸግራል፤ የዝርጉ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ግን በቀላሉ ይለወጣል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር የጫኖ አየር በአንድ አሥረኛ ያህል፣ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ የደጋው ቅዝቃዜ የሚሰጠው ጥቅም በከፊል ይቀንሳል።

ስለዚህ የምርጫው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚያስበው የተገላቢጦሽ መሆን ይገባዋል። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት እጅግ ሞቃት ስፍራ ይታወቅ፤ ቀጥሎ ሣጥኑ፣ ከዚያም በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ማቀዝቀዣ ይመረጥ፤ ፕሮሰሰሩ በመጨረሻ ይምጣ። ከተገዛም በኋላ የአየር መግቢያው ከአቧራ ይጽዳ፤ ሣጥኑ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ሳይበርድም ወደ ሻንጣ አይግባ። ገንዘቡ በድካም የተገኘ ነውና፣ ተመዝኖ የተገዛ መካከለኛ ዕቃ ሳይመዘን ከተገዛ ታላቅ ዕቃ ይበልጣል።

መልመጃ

1. ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከአየሩ በታች ሊያበርደው የማይችለው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ ስሌት መሠረት፣ 60 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር በጫኖ ቀትር ስንት ዲግሪ ይደርሳል?
3. “ስለዚህ” እና “እንግዲህ” የተባሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ምንን ከምን ጋር እንዳያያዙ አመልክቱ።
4. በአካባቢያችሁ የአየር ጠባይ ምክንያት በጥንቃቄ መመረጥ ያለበትን አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ በሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።