የፅንስ ራስ ዙሪያ በኮምፒዩተር ሲለካ

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት በስንተኛው የእርግዝና ሳምንት ላይ እንደምትገኝ በትክክል ማወቅ የእርግዝና ክትትሉ ሁሉ መሠረት ነው። የመውለጃ ቀኗ የሚገመተው፣ ፅንሱ እንደ ዕድሜው ማደግ አለማደጉ የሚመዘነው፣ ወደ ጤና ተቋም ቀርባ መቆየት ያለባት ጊዜ የሚወሰነው በዚሁ ነው። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከሰቆጣ ርቀው በሚገኙ ደጋማ ቀበሌዎች ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ገደላገደሉን ወርዶ የመኪና መንገድ እስኪገኝ ድረስ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በክረምት ወንዝ ከሞላ ሰዓታቱ ይረዝማሉ። ርቀው የሚኖሩ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ እንዲያርፉ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የተገመተው ቀን በሦስት ሳምንት ከተሳሳተ ምክሩ ፋይዳውን ያጣል። ወይ እናቲቱ ልጆቿንና ቤቷን ትታ ያለ ጊዜዋ ስትጠብቅ ተሰላችታ ትመለሳለች፤ አለዚያም ገና ነው ሲባል ምጡ በቤቷ ሳለች ይጀምራታል።

በአልትራሳውንድ ምስል ላይ የፅንሱን ራስ ከሌላው አካል ለይቶ ዙሪያውን በራሱ የሚያሰምር የኮምፒዩተር አሠራር ይህን ግምት ለማሻሻል ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ነው። አሠራሩ ምን እንደሆነ፣ በአገራችን በምን መልኩ እንደተሞከረና ውጤቱ እንዴት ሊታይ እንደሚገባ ከዚህ በታች ተብራርቷል። ማብራሪያው ለግንዛቤ የቀረበ እንጂ በየጤና ተቋሙ አዲስ አገልግሎት መጀመሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ አይደለም።

ቀኑ ያለ መሣሪያ እንዴት ይቆጠራል?

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው። ከዚያ ቀን እስከ መውለጃ ቀን 280 ቀናት ይታሰባሉ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ስሌት ምቹ ነው፤ ወሮቹ እኩል 30 ቀን ስለሆኑ በመነሻው ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን መጨመር ይበቃል። የወር አበባዋ መስከረም 10 ቀን የታየ እናት ቀኗ ሰኔ 20 ይሆናል። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ግን 10ሩ ቀን ወደ 5 ዝቅ ይላል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ወደ 4። ስለዚህ ታኅሣሥ 10 ቀን የታየባት እናት፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት፣ መስከረም 15 ትጠብቃለች። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ የአልትራሳውንድ መሣሪያዎች የመውለጃውን ቀን የሚያሳዩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልሶ በክትትል ካርዱ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስሌቱ የቱንም ያህል ቢቀል መነሻው ቀን መታወቅ አለበት። ብዙ እናቶች ቀኑን የሚያስታውሱት «ከጥምቀት በኋላ በሳምንቱ» ወይም «ፍልሰታ ሲያዝ» ብለው ነው። ይህ ሊናቅ የማይገባው መረጃ ነው፤ የበዓሉና የጾሙ ቀን የታወቀ በመሆኑ ባለሙያው ወደ ትክክለኛው ቀን ሊመልሰው ይችላል። ይሁንና ጡት እያጠባች የወር አበባዋ ሳይመለስ ያረገዘች ወይም በመርፌ የሚሰጥ የወሊድ መከላከያ ስትጠቀም የቆየች እናት የምታስታውሰው ቀን ላይኖራት ይችላል። ለእንዲህ ያለችው እናት ዋናው መፍትሔ ፅንሱን መለካት ነው።

ምስሉና መስመሩ

አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ጨረር አይጠቀምም። ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ነጸብራቅ ተቀብሎ ምስል ይሠራል። አጥንት ድምፁን አጥብቆ ስለሚመልስ የፅንሱ የራስ ቅል በጥቁር የሽርት ውሃ መካከል እንደ ነጭ ሞላላ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። ድምፁ ከአጥንቱ ጎን ለጎን በሚያልፍበት በኩል ነጸብራቁ ይደክምና መስመሩ ይቆረጣል፤ የማሕፀን ግድግዳም ከራስ ቅሉ ጋር ተጠግቶ ዓይንን ሊያሳስት ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ ትክክለኛውን አቅጣጫ ፈልጎ ምስሉን ያቆማል፤ በራስ ቅሉ የውጭ ጠርዝ ላይ ሞላላ መስመር ያሳርፋል፤ መሣሪያውም የመስመሩን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይሰጣል። ይህ ርዝመት አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክ ሃድሎክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳወጡት ባለ የዕድገት ሠንጠረዥ ላይ ሲፈለግ የፅንሱ ዕድሜ በሳምንትና በቀን ይገኛል።

ኮምፒዩተሩ መስመሩን የሚያሰምረው በሌላ መንገድ ነው። ምስሉ ከብዙ ሺህ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ስለ እያንዳንዱ ነጥብ «ይህ የራስ አካል ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ይመልሳል። መልሱን የሚማረው ባለሙያዎች በእጃቸው ካሰመሩባቸው ምስሎች ነው። ይገምታል፤ ግምቱ ከባለሙያው መስመር ጋር ይነጻጸራል፤ በልዩነቱ መጠን ውስጣዊ ቁጥሮቹን ጥቂት ያስተካክላል፤ ይህም እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ ቀለበቱ በተቆረጠበት በኩል እንኳ መስመሩ በየት ማለፍ እንዳለበት ይለያል። የእርሻ ወሰን ድንጋዮች በሣር ሲሸፈኑ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ከሚታዩት ተነሥቶ ወሰኑን እንደሚቀጥል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዩ-ኔት የተባለው አሠራር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በዓለም ዙሪያ በስፋት ያገለግላል። የፅንስን ራስ በተመለከተ ደግሞ በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 1,334 ምስሎችን ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት አድርገዋል፤ 999ኙ ለማስተማሪያ፣ 335ቱ ለመፈተኛ የተለዩ ናቸው።

የወሊሶው ሙከራ

መስመር ማሰመሩ ለሠለጠነ ባለሙያ የደቂቃ ሥራ ነው። አስቸጋሪው ትክክለኛውን ምስል ማግኘት ነው፤ ይህንን ለመቻል ረጅም ልምምድ ያስፈልጋል። የዚሁ የራድባውድ ቡድን ጥናት ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኘው እዚህ ላይ ነው። በወሊሶ ቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል 183 ነፍሰ ጡር እናቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ምስል ፍለጋውን ጨርሶ ለማስቀረት የሞከረ ነበር። የጤና ሠራተኛው በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን መተርጎም አይጠበቅበትም፤ የመሣሪያውን እጀታ አስቀድሞ በተወሰኑ ስድስት መስመሮች በሆድ ላይ ያንሸራትታል እንጂ። ይህንን አሠራር ስለ አልትራሳውንድ ቀድሞ ዕውቀት የሌለው ሠራተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሊማረው ይችላል። ከዚያ በኋላ አንዱ የኮምፒዩተር አሠራር ከተቀረጹት ምስሎች መካከል ራስ የሚታይባቸውን ይመርጣል፤ ሁለተኛው ዙሪያውን ያሰምርና ይለካል።

ስፔሻሊስት ሐኪም በቅርብ በማይገኝባቸው ወረዳዎች የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። በዝቋላ ወይም በአበርገሌ የምትኖር እናት ዕድሜውን ለማስለካት ብቻ ሰቆጣ ወደሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ከመጓዝ ይልቅ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ቢኖር ጉዞውን ለእውነተኛ ሪፈር ታቆየዋለች።

መስመሩ የማይበቃበት ጊዜ

ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የተማረውን ነው። ከላይ የተጠቀሱት 1,334 ምስሎች የዕድገት ችግር ካልታየባቸው ፅንሶች የተወሰዱ ናቸው። በራሱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ፅንስ ራሱ ከዕድሜው በላይ ስለሚሰፋ፣ መስመሩ በትክክል ቢሰመርም እንኳ ከመስመሩ የሚወጣው ዕድሜ የተሳሳተ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ልኬቱ ትክክል፣ ትርጉሙ ግን ስሕተት ነው። ይህንን የሚለየው የራሱን ውስጥ፣ ሆዱንና የጭኑን አጥንት አብሮ የሚመለከት ባለሙያ ነው። በኮምፒዩተር የተሰመረ መስመር ሁሉ ባለሙያ አይቶ ያጸደቀው ሊሆን ይገባል።

ከዚህም የበለጠ ክብደት ያለው የጊዜው ጉዳይ ነው። በ20ኛው ሳምንት አካባቢ የፅንስ ራስ ዙሪያ በሳምንት ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ያድጋል። ስለዚህ መስመሩ በ10 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ዕድሜው የሚዛባው ከአንድ ሳምንት ባነሰ ነው። ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ሳምንታዊው ዕድገት በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ያው 10 ሚሊ ሜትር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳስታል። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ ፅንሶች በተፈጥሯቸው አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነው ይለያያሉ። የተሻለ ኮምፒዩተር ይህንን አያስተካክለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው የክትትል ጉብኝት በ12 ሳምንት ውስጥ፣ አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራም ከ24ኛው ሳምንት በፊት እንዲደረግ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። በስምንተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችን እናት ዕድሜ ከዚህ በኋላ በእርግጠኝነት ማወቅ ያዳግታል።

ሰቆጣ በአገር አቀፍ ደረጃ ስሟ የሚነሣው በ2007 ዓ.ም. ይፋ በተደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ዓላማው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ማስወገድ ነው። መቀንጨር ከማሕፀን ሊጀምር ይችላል። ዕድሜው ያልታወቀ ፅንስ ትንሽ ሆኖ ሲታይ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ገና ጊዜው ያልደረሰ ጤናማ ፅንስ ነው፣ ወይም ምግብና ኦክስጅን ያነሰው ፅንስ ነው። ለመጀመሪያው መታገሥ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ፈጣን ክትትል ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተወሰደ አንድ ልኬት በካርዱ ላይ ካለ ሁለቱን መለየት ይቻላል።

የምርመራው ምስል የእናቲቱ የግል የጤና መረጃ ነው። ለኮምፒዩተር ማስተማሪያ ወይም ለጥናት የሚወሰድ ከሆነ ዓላማው ሊነገራትና ፈቃዷ ሊጠየቅ ይገባል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ የሕግ መሠረት ነው። በኽምጣና ቋንቋ የምትናገር እናት ማብራሪያው በምትረዳው ቋንቋ እንዲቀርብላት መጠየቅ ትችላለች። ፈቃደኛ አለመሆኗ ምርመራዋን አያስቀርባትም። ወደ ሌላ ተቋም ሪፈር ስትባል ደግሞ የመጀመሪያው ልኬት የተጻፈበትን ካርድ ይዛ መሄድ ይኖርባታል፤ ተቀባዩ ባለሙያ የመውለጃውን ቀን የሚያሰላው በኋላ ከተወሰደው ልኬት ሳይሆን ከዚያ ከመጀመሪያው ነውና።