ከኩርባው ሥር ያሉት

አውሮራና ዴንቨር ውስጥ ሐኪም ቤት ደርሰው የሚመለሱ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ፦ «ነጭ የደም ሴልህ ዝቅ ብሏል ተባልኩ።» ሥራዬ የላቦራቶሪ ቁጥሮችን መተንተን መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ዝቅ ብሎ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ኒውትሮፊል ነው፤ ባክቴሪያ ሲገባ ቀድሞ የሚደርሰው ሴል። ዝቅተኛው ወሰን በብዙ ቦታ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1,500 ገደማ ነው፤ ከዚያ የወረደ ቁጥር ምልክት ተደርጎበት ይወጣል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ምልክቱን በጣታቸው እየነኩ «ልጄ፣ ደሜ ሊያልቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፣ መስመሩ የተሰመረው በሌላ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። እዚህ የምጽፈው ያን መልስ ሙሉ ለማድረግ ነው።

ደፊ የሚባል የደም ዓይነት መለያ አለ። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት በዋናነት የሚጠቀመው በዚሁ በር ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ቀይ ሴሉ ላይ ደፊ የለውም፤ ስለዚህ ቪቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ያላቸውም የሌላቸውም አብረው ይኖራሉ፤ ቪቫክስም እንደልቡ ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ይህ ደፊን ከቀይ ሴል የሚያጠፋው የዘር ለውጥ የኒውትሮፊልንም ቁጥር ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ከሌላው ይልቅ ለበሽታ አይጋለጥም። ደሙ ውስጥ የሚቆጠረው ብቻ ያንሳል።

እንግዲህ የኢትዮጵያውያንን የኒውትሮፊል ቁጥር ሰብስበን ብንስል፣ ሁለት ስርጭቶች የተደባለቁበት ሥዕል ነው የምንስለው። ችግሩ ይህ በዓይን አለመታየቱ ነው። ሥዕሉ አንድ ለስላሳ ጉብታ ሆኖ ይወጣል፤ ተንታኙም «አንድ ሕዝብ፣ አንድ አማካይ» ብሎ ያልፋል። ሁለት እኩል ድርሻና እኩል ስፋት ያላቸው ኖርማል ስርጭቶች ሲደመሩ ሁለት ጫፍ የሚያወጡት በአማካዮቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው ሁለት እጥፍ ሲበልጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሁለቱ ቡድኖች ቢኖሩም ጉብታው አንድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ጫፍ ባየ ቁጥር አንድ ቡድን አለ ብሎ ይፈርዳል፤ በሙያችን ከማያቸው ፍርዶች ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ድብልቅ ሞዴል የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1894 ከኔፕልስ ባሕር የተሰበሰቡ 1,000 ሸርጣኖችን ልኬት ወስዶ፣ ያዘነበለውን ስርጭት በሁለት ኖርማል ኩርባዎች ከፈለው፤ ለዚያም ዘጠነኛ ዲግሪ እኩልዮሽ በእጁ መፍታት ነበረበት። ከ1977 ወዲህ ዴምፕስተር፣ ሌርድና ሩቢን በአንድ ጽሑፍ ያደራጁት ዘዴ ስላለ ኮምፒውተር በቅጽበት ይጨርሰዋል። ስሌቱ እንዲህ ከቀለለ በኋላ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱን ሲስል ነው።

ሁለቱ ኩርባዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲሰሉ ከሥራቸው ያለው ስፋት 1 ነው። እንዳሉ ከተሳሉ፣ ለምሳሌ ከሰዎቹ አንድ አምስተኛውን ብቻ የያዘው ቡድን ከብዙኃኑ እኩል ገዝፎ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱ በድርሻው መባዛት አለበት፤ አንዱ በ0.8፣ ሌላው በ0.2። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የድምሩ ኩርባ በየትኛውም ነጥብ ከክፍሎቹ በታች መውረድ አይችልም። ወርዶ ካየሁት ድርሻው ተረስቷል ማለት ነው። ሂስቶግራሙም በጥግግት ሚዛን መሳል አለበት፤ በሰው ቁጥር ከተሳለ ኩርባው ወለሉ ላይ ተኝቶ ክር ይመስላል።

ከዚህ የሚከብደው የቀኝ ጅራቱ ነው። ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ኒውትሮፊሉ ሽቅብ ስለሚወጣ ስርጭቱ ወደ ቀኝ ረዥም ጅራት አለው። በጥሬው ቁጥር ላይ ኖርማል ኩርባዎችን ከገጠምን፣ ሞዴሉ ሁለተኛውን ኩርባ ጅራቱን ለመሸፈን ያውለዋል፤ እኛም አዲስ ቡድን ያገኘን ይመስለናል። ስለዚህ ሎጋሪዝም ወስጄ እገጥማለሁ። ሥዕሉን ወደ ተራው ሚዛን ስመልሰው ግን የኩርባው ከፍታ በየነጥቡ ለራሱ ለቁጥሩ መካፈል አለበት፤ ያ ካልተደረገ ጫፉ የሌለበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሐኪሙም ያንን አምኖ ወሰን ያሰምራል።

ያም ሆኖ ሞዴሉ ሁለት ቡድን አለ ስላለ ብቻ ሁለት ቡድን አለ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ እድለኞች ነን፤ የደፊ ምርመራ አለ፣ የሞዴሉን ግምት በደም ማረጋገጥ ይቻላል። ይህ ማረጋገጫ የሌለው ድብልቅ ሞዴል ሲቀርብልኝ በጥርጣሬ ነው የማየው።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የዘር መጠይቁን መመሪያ ሲያሻሽል፣ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚል ዝርዝር ሣጥን አስገብቷል። በዚህ ደስ ብሎኛል፤ አውሮራ ሃቫና ጎዳና ላይ እንጀራ የሚገዛው ሰው በመጨረሻ በመረጃው ውስጥ ሊታይ ነው። ለኒውትሮፊል ጥያቄ ግን ሣጥኑ መልስ አይሆንም። ሁለቱ ኩርባዎች ያሉት በዚያው ሣጥን ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ፣ ወንድምና እህት መካከል።

ነገሩ የሥዕል ብቻ አይደለም። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎዛፒን ኒውትሮፊልን ሊያወርድ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ለመጀመር የሚፈለገው ቁጥር 2,000 ነበር። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 በተፈጥሮ ቁጥራቸው ዝቅ ላለ ሰዎች 1,000 በቂ ነው ብሎ የተለየ ወሰን አወጣ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ሕመምተኛ እስከዚያ ድረስ መድኃኒቱን ሊከለከል ይችል ነበር፤ ሌላው ደግሞ ያለ በሽታው መቅኔው በመርፌ ይወሰድ ነበር።

ቁጥራችሁ ዝቅ ብሎ ለዓመታት በዚያው ከቆየ፣ የድሮ ውጤቶቻችሁን ሰብስባችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ፤ የደፊ ምርመራ ይደረግልኝ ብላችሁም ጠይቁ። ከወትሮው በድንገት ከወረደ፣ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሌሎቹ የደም ሴሎችም አብረው ከወረዱ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ «የእኛ ሰው እንዲህ ነው» ብላችሁ እቤት እንዳትቀመጡ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።