የፎቶ አንሺው እጥረት ደንበኛ ሳይሆን ሰዓት ነው

ጥር ሲገባ የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ስልክ ዕረፍት የለውም። ቀን የሚያስይዝ፣ ዋጋ የሚጠይቅ፣ ቀብድ ይዞ የሚመጣ ሙሽራ ይበዛል። የዐቢይ ጾም ከገባ በኋላም ስልኩ መጮኹን አይተውም፤ የሚደውለው ግን አዲስ ደንበኛ ሳይሆን አልበሙ የዘገየበት የጥር ሙሽራ ነው። ቀብዱ ለኪራይና ለረዳት ደመወዝ ወጥቷል፤ ሥራው ግን ገና ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

በራሱ ስም ስቱዲዮ ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ ይህ ሲደርስበት ምክንያቱን በረዳቱ፣ በመብራት መጥፋት ወይም በማተሚያ ቤቱ ያሳብባል። ሁሉም የየድርሻቸው እውነት ይኖራቸዋል። ዋናው ምክንያት ግን ባለሙያው የሚሸጠውን ዕቃ መጠን አለማወቁ ነው። ዕቃው ደግሞ ፎቶግራፍ ሳይሆን ሰዓት ነው።

እሑዶች በቁጥር የተወሰኑ ናቸው

የፎቶ ገበያ ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። የኦርቶዶክስ ተከታዮች ሠርግ በጾም ስለማይደረግ ገበያው ተጨናንቆ የሚገኘው በሁለት ወቅት ነው፤ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያና ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ። ሁለተኛው ወቅት ምንጊዜም 50 ቀን ነው። የመጀመሪያው ግን ፋሲካን ተከትሎ ይረዝማል፣ ያጥራል።

በ2018 ዓ.ም. አቆጣጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ የካቲት 9 ቀን ነው። በመሆኑም ከገና እስከ ጾሙ ዋዜማ ያለው 40 ቀን ሲሆን፣ በውስጡ ስድስት ቅዳሜና ስድስት እሑድ ብቻ ይገኛል፤ ከእሑዶቹም አንዱ ከተራ ነው። በ2019 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ላይ ስለሚውል ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው። ወቅቱ ወደ 60 ቀን ይረዝማል፤ እሑዶቹም ዘጠኝ ይሆናሉ። የጾሙ ቀን በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ይህን መቁጠር ለባለሙያው ምንም ወጪ የለውም።

የሙስሊም ደንበኞች ሠርግ የጾሙን ወራት ይሞላል ተብሎ የሚታሰብበት ጊዜ አለ። ረመዳን ግን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚመጣ ይህም ሁልጊዜ አይሠራም። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ሙሉ በሙሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ በመዋሉ በሁለቱም ወገን ገበያው በአንድ ጊዜ ቀዝቅዟል።

አንድ ሠርግ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ይዞ ነበር። አሥር ጥቅል የጨረሰ ባለሙያ 360 ፎቶ አነሳ ማለት ነው። ፊልሙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ጣት ይቆጠባል፤ ማጠብና ማተሙም የላቦራቶሪው ሥራ ነበር። በዲጂታል ካሜራ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ማንሳት ምንም የማያስወጣ ይመስላል። ዋጋው የሚከፈለው ግን ኋላ፣ በሰዓት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሙያ እንውሰድ። የሠርጉ ዕለት ከሙሽራው ቤት እስከ አዳራሹ 12 ሰዓት፣ ለመልስ ደግሞ 5 ሰዓት ይሠራል። በሁለቱ ቀን 3,000 ፎቶ ቢያነሳና እያንዳንዱን አይቶ ለመምረጥ 5 ሰኮንድ ቢፈጅበት ከ4 ሰዓት በላይ ነው። ከነዚህ ውስጥ 500ውን በ2 ደቂቃ ሒሳብ ቢያስተካክል 17 ሰዓት ያህል ይሆናል። አልበሙን ማዘጋጀት፣ ለደንበኛው ማሳየት፣ ማረምና ማሳተም 8 ሰዓት፤ ከውሉ በፊት የሚደረገው ንግግር፣ ፋይል መገልበጥና ዕቃ ማሰናዳት 6 ሰዓት ቢወስዱ ድምሩ 52 ሰዓት ይደርሳል።

ከዚህ ውስጥ ደንበኛው በዓይኑ የሚያየው 17ቱን ብቻ ነው። ባለሙያው ራሱም ዋጋ ሲተምን የሚያስበው ይህንኑ ሆኖ ይገኛል። ለስሌት እንዲመች ሠርጉ በ52,000 ብር ቢያዝና ለአልበምና ለኅትመት 18,000 ብር ቢወጣ 34,000 ብር ይቀራል። ለ17 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 2,000 ብር ነው፤ ለ52 ሰዓት ሲካፈል ግን 654 ብር ብቻ ነው። ኪራዩ፣ ረዳቱና የካሜራው እርጅና የሚሸፈኑት ከዚሁ ነው። «ለዘመድ» ተብሎ 10,000 ብር ሲቀነስ በሰዓት የሚቀረው 462 ብር ይሆናል።

አሥራ ሦስተኛው ሠርግ

ይኸው ባለሙያ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ይሠራል እንበል። ከ60ው ሰዓት 15ቱ ለጉርድ ፎቶና ለተመላላሽ ደንበኛ ቢውል ለሠርግ 45 ይቀራል። በ2018 አቆጣጠር በስድስቱ የሠርግ ሳምንታት 270 ሰዓት፣ በስምንቱ የጾም ሳምንታት 360 ሰዓት፣ በጠቅላላው 630 ሰዓት ያገኛል ማለት ነው። ለ52 ሲካፈል 12 ሠርግ ይመጣል።

እንግዲህ 13ኛውን ሠርግ የተቀበለ ባለሙያ የሸጠው የራሱን ሳይሆን የሌላ ደንበኛን ሰዓት ነው። 14 ቢቀበል ከፋሲካ በፊት ያልተጠናቀቀ ሥራ ይተርፈዋል፤ በላዩ ላይ የፋሲካ ማግስት ሠርጎች ይጫኑበታል። የጥር ሙሽራ አልበሟን በሰኔ የምታገኘው እንዲህ ነው። 12 ብቻ የተቀበለም ቢሆን ሥራው የሚያልቅለት ፋሲካ ዋዜማ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ሳምንት ቢታመም መጠባበቂያ የለውም።

በ2019 ወቅቱ በሦስት ሳምንት ሲረዝም በተመሳሳይ ስሌት አቅሙ ወደ 14 ሠርግ ያድጋል። እሑዶቹ በግማሽ ቢጨምሩም አቅሙ የጨመረው በሁለት ሠርግ ብቻ ነው። ማነቆው ያለው በእሑድ ላይ ሳይሆን ከእሑድ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነውና።

በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ የሚይዙም አሉ። የቅዳሜው ሠርግ መልስ እሑድ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ያስተዋለ ግን ብርቱ ረዳት ሳይኖረው ይህን አይደፍርም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

የዘገየ አልበም የታሰረ ገንዘብ ነው

በተለምዶ ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን የሚያጠናቅቀው ሥራውን ሲረከብ ነው። በምሳሌው ግማሹ ቢቀር በ12 ሠርግ 312,000 ብር በደንበኞች እጅ ይቆያል። ባለሙያው ኪራይ ለመክፈል ሲል አዲስ ቀብድ ለመቀበል ይገደዳል፤ አዲሱ ቀብድ ደግሞ አሮጌውን ሥራ ይበልጥ ያዘገየዋል።

መዘግየቱ ሌላም አደጋ አለው። ካሜራው፣ ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ደርሷል። ከዚያ በፊት በቁርጥ ዋጋ ተዋውሎ ኅትመቱን ላዘገየ ሰው ልዩነቱ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ መመዝገብ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ የዋለውን እያንዳንዱን ሰዓት በደብተር የያዘ ባለሙያ የራሱን 52 ያገኛል፤ ቁጥሩ ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ከዚያ በኋላ ስንት ሠርግ እንደሚቀበል የሚወስነው ደብተሩ እንጂ የስልኩ ጩኸት አይደለም።

ሁለተኛው ለሰው የሚሰጠውን ሥራ መለየት ነው። 17 ሰዓት የሚፈጀውን የማስተካከል ሥራ በክፍያ ለሌላ ቢሰጥ አንዱ ሠርግ ወደ 35 ሰዓት ይወርዳል። 12ቱ ሠርግ የሚያልቁት ደብረ ዘይት ሳይደርስ ነው። ለአስተካካዩ የሚከፈለው በሰዓት ከ654 ብር ካነሰ ነፃ የወጣው ጊዜ ዋጋውን ይመልሳል፤ ይህም የሚሆነው ጊዜው ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ከዋለ ነው።

ሦስተኛው ውሉ ነው። የርክክብ ቀን፣ ደንበኛው ፎቶ መርጦ የሚመልስበት የጊዜ ገደብ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደሚደረግና የኅትመት ዋጋ ቢጨምር ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ቢቀመጥ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። ከቀሪው ክፍያ ከፊሉ ኅትመት ከመጀመሩ በፊት እንዲከፈል ማድረግም ገንዘቡን ከመታሰር ያድናል።

የሥራ ተራም ሊታሰብበት ይገባል። በጥር ከሚያገቡት ውስጥ ከውጭ አገር መጥተው በሳምንታት የሚመለሱ ስላሉ የመሄጃ ቀናቸው ውሉ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው። ተራው ያለ ሥርዓት ከሆነ ግን ቀድሞ የሚስተናገደው አብዝቶ የጮኸው ይሆናል፤ በትሕትና የሚጠብቀውም ወደ ኋላ ይቀራል። እርሱ ደግሞ አይቆጣም፤ ለእህቱ ሠርግ ሌላ ፎቶ አንሺ ይፈልጋል እንጂ።

ጾሙ ሲገባ አዳራሾች ይዘጋሉ፣ ሙሽሮች ይጠፋሉ፤ ለፎቶ አንሺው ግን ዋናው ምርት የሚመረተው ያን ጊዜ ነው። ጥር ላይ የተሰበሰበው ጥሬ ዕቃ ነው። ስምንቱን ሳምንት እንደ ዕረፍት የቆጠረ ፋሲካን ከነዕዳው ይቀበላል።