ያውቁ ኖሯል? ድንች፣ ጨረቃና የሐዴራ አፈር

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ጨረቃን አይተው የሚተክሉ ሰዎች ሕጋቸው አጭር ነው። ከመሬት በላይ የሚያፈራው ጨረቃ እየሞላች ሳለ ይዘራል፤ እንደ ድንች ያለው ሥራ ሥር ደግሞ ሞልታ መጉደል ስትጀምር ይተከላል። ሮማዊው ፕሊኒ ከ1,900 ዓመታት በፊት ጨረቃን እየተከተሉ ስለ መዝራት ጽፏል፤ ድንችን ግን በዓይኑ አላየውም። ድንች ከደቡብ አሜሪካ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ያውቁ ኖሯል? ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ ጊዜውም 1858 ገደማ። ገበሬው ለረጅም ጊዜ ብዙም አልቀረበውም ነበር። ክፉ ቀን መጥቶ ከብቱ አልቆ፣ እህል ከጎተራ ሲጠፋ ግን ድንች የሰው ነፍስ ማቆያ ሆነ።

ያውቁ ኖሯል? ቤተ እስራኤል በአገር ቤት ሳሉ ወራቸውን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነበር፤ አዲስ ጨረቃ ስትወጣም የጨረቃ በዓል ያከብሩ ነበር። ስግድም የሚውለው ከአስተሥርዮ ጀምሮ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ላይ፣ ጨረቃ ልትጠፋ በተቃረበችበት የወር መጨረሻ ነው። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 የመንግሥት በዓል አድርጎ ደንግጎታል።

ያውቁ ኖሯል? ጎንደር ላይ የሞላችው ጨረቃ በዚያችው ሌሊት በእስራኤል ባለችው ሐዴራ ከተማ ላይም ሙሉ ናት። ዝናቡ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጎንደር በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድበት፣ ሐዴራ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ የሐዴራ ዝናብ በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። የመትከያውን ቀን የምትቆርጠው ጨረቃ ብትሆን ኖሮ፣ ጎንደር ወገራ የቀረው አጎትና ሐዴራ የገባው የወንድሙ ልጅ በአንድ ቀን ድንች በተከሉ ነበር። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ግን ሌላም አለ።

ያውቁ ኖሯል? በእስራኤል ድንች በዓመት ሁለት ጊዜ ይተከላል። የጸደዩ ድንች ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ተተክሎ ከፋሲካ ወዲህና ወዲያ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ገብቶ በእስራኤል ክረምት ላይ ይቆፈራል። በመካከሉ ያለውን ሐሩር ድንች አይወደውም። ፍሬ የሚቋጥረው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆንና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ቅጠሉ ለምልሞ ሥሩ ባዶ ይቀራል።

ያውቁ ኖሯል? «ጨረቃ ባሕሩን ከሳበች የአፈሩንም ውኃ ትስባለች» የሚለው ክርክር በሐዴራ ባሕር ዳር ሊፈተን ይችላል። ጊቫት ኦልጋ ላይ ቆሞ ለሚያይ፣ የሜዲትራኒያን ውኃ በጨረቃ ስበት ከፍ ዝቅ የሚለው ከግማሽ ሜትር በታች ነው። ያውም ሙሉ ባሕር ተስቦ! የጨረቃ ስበት ምድር ላይ የሚፈጥረው ልዩነት ከምድር ስበት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ደግሞም ባሕሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚነሣው ጨረቃ ስትሞላ ብቻ ሳይሆን ጨርሳ ስትጠፋም ነው። ስለዚህ በስበቱ ቢሆን፣ በምትሞላዋና በምትጎድለዋ ጨረቃ መካከል ድንቹ የሚለየው ነገር የለም።

ያውቁ ኖሯል? በብርሃኗ ይሆናል እንዳይባልም፣ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን 400,000 ጊዜ ያህል ይደክማል።

ያውቁ ኖሯል? በ2020 የስፔን ተመራማሪዎች ስለ ጨረቃና ስለ እርሻ የተጻፈውን ሰብስበው መርምረው ነበር። የጨረቃ መሙላትና መጉደል የሰብልን ዕድገት እንደሚለውጥ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም።

ያውቁ ኖሯል? ጨረቃን በእርግጥ የምትጠብቅ አንዲት ዕፅ ግን ተገኝታለች። ኤፌድራ ፎኤሚኔያ ትባላለች፤ በእስራኤልም ትበቅላለች። ነፍሳትን የምትጠራበትን ጣፋጭ ጠብታ የምታወጣው በጁላይ ሙሉ ጨረቃ ላይ መሆኑን የስዊድን ተመራማሪዎች በ2015 ጽፈዋል። ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ድንች ግን የዚህች ዕፅ ዘመድ አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? አየርላንዳውያን ድንችን በስቅለት ዓርብ የመትከል ልማድ አላቸው። የእነርሱ ስቅለት ደግሞ ጨረቃን ተከትሎ ስለሚዞር በ2008 ማርች 21፣ በ2011 ኤፕሪል 22 ላይ ውሏል። አንድ ወር ሙሉ! የእኛ ባሕረ ሐሳብም ሆነ የአይሁድ አቆጣጠር ጨረቃን ከፀሐይ ጋር የሚያስታርቁት በ19 ዓመት ዙር ነው፤ አይሁዶች በዚያ ዙር ውስጥ ሰባት ተጨማሪ ወር ይከታሉ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ ካልታረቀ የመከር በዓል ዝናብ ላይ ይወድቃል። አባቶቻችን ጨረቃን የቆጠሩት በከንቱ አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካላንደር በሌለበት ዘመን ሁሉም ሰው ቀና ብሎ የሚያነበው ቀን መቁጠሪያ እርሷ ነበረች። ይህ ክብር ይገባታል።

ያውቁ ኖሯል? ዛፍ የሚተከልበት የአይሁድ በዓል ቱ ቢሽቫት፣ ሽቫት 15፣ ሁልጊዜ ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው፤ ጊዜውም ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ ልክ የጸደዩ ድንች በሚተከልበት ወቅት። በማግስቱ የሚተክል ሰው የጨረቃውንም ሕግ የአየሩንም ፈቃድ አንድ ላይ ያገኛል።

ያውቁ ኖሯል? ሐዴራ በ1891 ስትመሠረት ረግረግ ነበረች። ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል፤ ውኃውን እንዲመጥጥ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ዛሬም አፈሯ አንድ ዓይነት አይደለም። በባሕሩ በኩል አሸዋና ቀይ አሸዋማ አፈር ሲሆን፣ ረግረግ በነበረው በኩል ደግሞ ከባድ ሸክላ ነው። ከዝናብ በኋላ አንድ ጭብጥ አፈር ይጨምቁ። ውኃ ካንጠባጠበ ወይም እንደ ሊጥ ከተጣበቀ፣ ጨረቃ ምንም ትሁን ምን ይቆዩ፤ የዘር ድንች ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ያውቁ ኖሯል? አዲስ የተቆፈረ ድንች «ይተኛል»፤ ሁለት ሦስት ወር ካልሞላው አይጎነቁልም። ሲነቃ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ብሩህ ቦታ፣ ዓይኖቹን ወደ ላይ አድርገው ይደርድሩት። ጨለማ ውስጥ የጎነቆለው ነጭና ቀጭን ክር ያወጣል፣ ሲነኩት ይሰበራል፤ ብርሃን ያገኘው ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል ይኖረዋል። ትልቁን ቆርጠው የሚተክሉ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ዓይን ይኑረው፤ የተቆረጠውም ጎን እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት። በሴፕቴምበር ግን አይቁረጡ፤ ትኩስ አፈር ቁራጩን ያበሰብሰዋል፣ ትንንሹን ሳይቆርጡ ይትከሉ።

ያውቁ ኖሯል? ቡቃያው ስንዝር ሲሞላ አፈር የሚታቀፈው ለውበት አይደለም፤ ብርሃን ያየው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ሶላኒን የሚባል መርዝ ስለሚቋጥር ነው።