ናፍጣ ሞተር ጠዋት አልነሳ ሲል

ናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የለውም። ቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳቱን የምትጭረው ካንዴላ ናት፤ ናፍጣ ግን የሚቀጣጠለው አየር ተጨምቆ በመጋሉ ብቻ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ሲሊንደሩን የሞላውን አየር እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያጠበዋል። አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፣ ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም አድቅቆ ይረጭበታል፣ ናፍጣውም በራሱ ይነዳል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመን አገር አውግስቡርግ ላይ ያስመሰከረው ሞተርም የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር።

እንግዲህ ሞተሩ እንዲነሳ በቂ ፍጥነት ያለው ዙር፣ በደንብ የጋለ አየር፣ አየርና ውሃ ያልገባበት ናፍጣ፣ ትክክለኛ የመርጫ ጊዜ ያስፈልጋሉ። አልነሳ ያለ መኪና ከእነዚህ አንዱ ጎድሎታል። ብዙ ሹፌር ግን ጋራዥ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰማው «ፖምፓው አልቋል» የሚለውን ፍርድ ነው። ኢንጀክሽን ፖምፓ በነዳጁ መስመር ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው፤ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ያለ መፈተሻ ማሽን እንደነበረ መመለስ ያስቸግራል። ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከእሱ በፊት ያለ ርካሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከታንክ ተነስቶ ወደ ፖምፓ መሄድ አለበት እንጂ ከፖምፓ መጀመር የለበትም።

በእኛ አገር ከሁሉ በፊት ከፍታውን ማሰብ ይገባል። ከጅቡቲ ጭኖ ሚሌ ያደረ መኪና በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ያው መኪና ባቲንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲያድር ጠዋት ያስቸግራል። ሞተሩ በአንድ ቀን አላረጀም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ 2800 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ 30 በመቶ ገደማ። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ከሳሳ የጭመቃው ግፊትም በዚያው መጠን ይወርዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲጨመርበት ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ሞተሪኖው ይጎተታል። ዙሩ ሲዘገይ የተጨመቀው አየር በፒስተኑ ሪንግ በኩል ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል፤ ሙቀቱም በቀዝቃዛው ብረት ይወሰዳል። ቆላ ላይ ተደብቆ የኖረ የሪንግ ወይም የቫልቭ መበላት ደጋ ላይ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

ባትሪውን መመርመር ደቂቃ አይፈጅም። ባለ 12 ቮልት መኪና ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ቮልቱ ከ10 ብዙም ዝቅ ማለት የለበትም። ከዚያ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን መለካት ነው። እንደ ላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድና እንደ ሃይኤሱ 5ኤል ያሉት ሞተሮች ናፍጣውን የሚረጩት ከሲሊንደሩ በፊት ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ያቺ ክፍል በብርድ ጊዜ ሙቀት ስለምታባክን ያለ ማሞቂያ አይሆንላቸውም። የተቃጠለው አንድ ካንዴላ ብቻ ከሆነ መኪናው ይነሳል፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ ይለቃል። ሁሉም ዝም ካሉ ምናልባት የተበላሸው ኃይል የሚሰጣቸው ሪሌ ወይም ፊውዝ ነው፤ ካንዴላዎቹን በጅምላ መግዛት አያስፈልግም።

አሁን አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር፤ ሌላው ከኋላ ቆሞ ጭስ ማውጫውን ይመልከት። ከዚህ የሚበልጥ ነጻ ምርመራ አላውቅም። ሞተሪኖው እየዞረ ጭስ ጨርሶ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር እየደረሰ አይደለም፤ ችግሩ ከታንክ እስከ ኖዝል ባለው መስመር ላይ ነው። ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ከወጣ ደግሞ ናፍጣው ደርሷል፣ አልነደደም። ያን ጊዜ የሚጠረጠሩት ማሞቂያው፣ ጭመቃው፣ የመርጫው ጊዜ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል ናቸው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ ካነሰ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይታይ። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን ስለሚናገር ከአየር ማጣሪያው መጀመር ነው። ጭስ የሌለውንና ነጭ ጭስ ያለውን መኪና በአንድ ዓይን አይቶ ሁለቱንም ፖምፓ ማስፈታት ገንዘብ መበተን ነው።

ከነዳጅ መስመር ችግሮች ሁሉ እጅግ አታላዩ አየር መሳብ ነው። ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በብዙ አሮጌ መኪና ላይ በመሳብ የሚሠራ ስለሆነ ቀዳዳ ቢኖረውም ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ቀዳዳ ባለው ስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ነው። ሌሊት መኪናው ሲቆም አየሩ ሰርጎ ይገባና ናፍጣው ተንሸራትቶ ወደ ታንክ ይመለሳል። ጠዋት ፖምፓው ባዶ ያገኘዋል። ቀን ግን ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ደህና ይሠራል፤ ሹፌሩም «ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ፖምፓ ቀይር የተባለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዶ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ።

«ማታ የት ነው የምታቆመው?»

«ሰፈር ነው ጋሼ፣ አቀበቱ ላይ።»

«አፍንጫው ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

«ዛሬ አዙረህ፣ አፍንጫውን ወደ ታች አድርገህ አሳድረው። ነገ ንገረኝ።»

በማግስቱ መኪናው ወዲያው ተነሳ። ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ስላደረ ናፍጣው የሚመለስበት ቁልቁለት አልነበረውም። በመጨረሻ የተገኘው የናፍጣ ፊልትሮው ክዳን ሥር የደረቀ ጎሚኒ ነው። ቁልቁል መንገድ ለሌለውም ሌላ ዘዴ አለ፤ ጠዋት ቁልፍ ከማዞር በፊት በፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፕ እስክትጠጥር ድረስ መጫን። ከዚያ በኋላ በአንዴ ከተነሳ ጥርጣሬው ከፖምፓ ወደ ቱቦና ጎሚኒ ይዞራል። ከፖምፓው በፊት አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቢገጠም የሚያልፉት አረፋዎች በዓይን ይታያሉ። ቦታውን ለመለየት ደግሞ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጀሪካን በሌላ ቱቦ ናፍጣ በቀጥታ ለፖምፓው መስጠት ነው፤ በዚህ ደህና ከሠራ ጥፋቱ ከኋላ ባለው መስመር ላይ ነው።

ውሃና ቆሻሻ ከአየር ቀጥለው ይመጣሉ። በፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ጥቂት ናፍጣ በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ መቅዳትና ማቆየት ነው። ውሃ ካለ ከሥር ይረጋል፣ ከላይ ካለው ናፍጣ በመስመር ተለይቶ ይታያል። በሁለቱ መገናኛ ላይ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ካለ በናፍጣና በውሃ መካከል የሚራቡ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸውና ታንኩ ራሱ መታጠብ ይኖርበታል፤ ፊልትሮ መቀየር ብቻ አያድንም። ታንክን ጎዶሎ አድርጎ ማሳደር እርጥበት ያለው አየር ውስጥ ገብቶ ወደ ውሃ እንዲለወጥ ያግዛል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ጉዳቱ ሌላ ነው። ፖምፓው የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ስለሆነ፣ ላምባ ሲበዛበት ብረት ከብረት ይፋተጋል።

በአሮጌው ፖምፓ ላይ ቁልፍ ሲከፈት ናፍጣውን የምትለቅ የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለች። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ካላለች ሽቦዋን ማየት ነው፤ በወለቀች ሽቦ ምክንያት ብቻ የተጎተተ መኪና ጥቂት አይደለም።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተነስቶ ሲሞቅ ግን አልነሳ ካለ የፖምፓ ጥርጣሬ እውነት ይሆናል። ሙቀት ናፍጣውን ያቀጥነዋል፤ የተበላው የፖምፓ ብረትም ግፊቱን መያዝ ያቅተዋል። ፖምፓውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ማቀዝቀዝና እንደገና መሞከር ነው፤ ያን ጊዜ ከተነሳ ወደ ፖምፓ ቤት መሄዱ ተገቢ ነው። ውሃ መድፋት ግን ፖምፓውን ሊያስነክሰው ስለሚችል አይደረግ። በአየር መሳቢያው ኤተር መንፋትም እንዲሁ፤ በተለይ ማሞቂያው እየጋለ ሳለ ያለጊዜው ይፈነዳና ሪንግ ወይም ፒስተን ይሰብራል።

ኮመንሬል ያላቸው፣ ማለትም ኖዝሎቹ ሁሉ ከአንድ የጋራ የግፊት ቱቦ (ሬል) ናፍጣ የሚያገኙባቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የአሮጌው ኖዝል የሚከፈተው ከ100 እስከ 250 ባር ባለው ግፊት ነው፤ ኮመንሬል ግን በሥራ ላይ ከ1300 ባር ይዘላል። ኮምፒውተሩ በማስነሻ ጊዜ ግፊቱ 200 ወይም 300 ባር ግድም ካልደረሰ ኖዝሎቹን ስለማይከፍት አንድ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ሞተሩን ሁሉ ያስቀምጠዋል። በስካነር የሬሉን ግፊት ማንበብ፣ ከዚያም የየኖዝሉን መመለሻ ቱቦ በየራሱ ጠርሙስ አድርጎ ማወዳደር ነው፤ ከሌሎቹ እጅግ የበዛው ጠርሙስ በሽተኛውን ያሳያል። በአሮጌው ሞተር እንደሚደረገው ሞተሩ እየዞረ የኖዝል ቱቦ ማላላት ግን እዚህ ክልክል ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም፣ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ቢሆን፣ ውስጡ ሥጋን ስለሚያበሰብስ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድና የገባው ናፍጣ መሆኑን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።