ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ልጃችን የሚውጠው እንክብል

አንዲት እናት ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጃቸው የክሬቲን እንክብልና የፕሮቲን ዱቄት መውሰድ መጀመሩን ገልጸው «ሐላል ነውን?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ክሬቲን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ በሥጋና በዓሣም የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ለዝላይና ለአጭር ሩጫ ጉልበት ይሰጣል፤ ለአዋቂ ስፖርተኛ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። የሚሸጠው በአብዛኛው በፋብሪካ የተቀመመ እንጂ ከእንስሳ የወጣ አይደለም። ጥያቄው ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። የእንክብል ሽፋን ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራል። ባሕርይው ስለተለወጠ ይፈቀዳል የሚሉ ዑለማዎች አሉ። እኔ ግን ያለ ሽፋን በዱቄት መልክ እየተገኘ ወደ አጠራጣሪው መሄድ አይታየኝም።

ከልምምድ በኋላ ጡንቻን ለመጠገን 20 ግራም ያህል ፕሮቲን በቂ ነው። ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ይህንኑ ይሰጣሉ፤ ዋጋውንም እናቶች ታውቁታላችሁ! በመለያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን የተገኘባቸው የስፖርት ዱቄቶችም አሉ።

«በረመዳንስ?» ለሚሉ፣ ሐኪም ኦላጁዋን በየካቲት 1995 እ.ኤ.አ. እየጾመ ተጫውቶ በአሜሪካው ኤንቢኤ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። የሚወሰድ ነገር ካለ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ከብዙ ውኃ ጋር ይወሰዳል።

እናታችን፣ ልጅዎ 18 ዓመት ካልሞላው ወይም ኩላሊቱን የሚያመው ከሆነ ክሬቲኑን ያለ ሐኪም አይውሰድ። ዕቃውን ያምጣና መለያውን አብራችሁ አንብቡት፤ ጄላቲን ብሎ ከምን እንደተሠራ ካልገለጸ ለሻጩ ይመልስለት።